በቆሙ ሰዎች ክንድ ላይ የነበሩት የብዕር ኮምፒውተሮች፦ በሥራ ላይ የተጠቀመባቸው አለ?

አሮጌ ማሽን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ወር እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ግሪድፓድ የተባለውን በብዕር የሚሠራ ኮምፒውተር አገኘሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በፎቶ ብቻ ነበር የማውቀው። ኪቦርድ የለውም፤ ሲያዩት ከላፕቶፕ ላይ ተነቅሎ የቀረ ወፍራም ስክሪን ይመስላል። የራሱን ባትሪ አውጥቼ ከውጭ ኃይል ስሰጠው ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት በኤምኤስ ዶስ ተነሣ። ብዕሩን ሳነሣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ለማያውቁት ባጭሩ ልናገር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ግሪድፓድ የወጣው በ1989 ነው። ያወጣው ግሪድ ሲስተምስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሲሆን ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ሳምሰንግ ነበር። የንድፉ መሪ ጄፍ ሃውኪንስ ነው፤ በኋላ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ያመጣው ያው ሰው። ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዋጋው ሶፍትዌሩን ሳይጨምር 2,370 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት ቀድሞት በ1987 ላይነስ ራይት ቶፕ የተባለ ሌላ የብዕር ኮምፒውተር ወጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ክብደቱ ወደ አራት ኪሎ ስለነበር ቆሞ ለሚሠራ ሰው አይሆንም።

እኔን የገረመኝ እነዚህ ማሽኖች ለቢሮ ጠረጴዛ አለመታሰባቸው ነው። የታሰቡት በእግሩ እየዞረ ለሚመዘግብ ሰው ነበር፤ ለተቆጣጣሪ፣ ለቆጣሪ አንባቢ፣ ለወታደር፣ ለነርስ። ዛሬ ታብሌት በየቤቱ ሞልቷል፤ ስለ እነዚህ ግን የሚያነሣ የለም። በሥራ ላይ የያዛቸው ሰው ካለ እባካችሁ አጫውቱን። ለምንስ ጠፉ?

ወረቀት ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የጠፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእጅ ጽሑፍ እናነባለን ብለው ቃል ገቡ፤ ማንበብ አልቻሉም። አፕል ኒውተን የተባለውን በብዕር የሚሠራ የእጅ ኮምፒውተር በነሐሴ 1993 በ699 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ ዓለም ሁሉ ጠብቆት ነበር። አንተ አንድ ቃል ትጽፋለህ፤ እሱ ከመዝገበ ቃላቱ ውስጥ የሚቀርበውን ሌላ ቃል ያወጣልሃል። የጋዜጣ ካርቱን ሠሪዎች ሳይቀሩ ተሳለቁበት። በ1998 ምርቱ ተቋረጠ። አንድን ስም ሦስት ጊዜ የሚያስጽፍ መሣሪያ ከደብተርና ከእስክሪብቶ በምን ይበልጣል? ወረቀት ቻርጅ አይፈልግም፤ ቢወድቅም አይሰበርም።

የመጋዘን ሰው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆች፣ እኔ ተጠቅሜበታለሁ። ከ1994 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በአንድ የምግብ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የድርጅቱንም የማሽኑንም ስም ልተወው፤ የምናገረው ሁሉ ምስጋና አይደለምና።

ከማሽኑ በፊት ሥራችን ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት አንድ ጥራዝ ቅጽ ትይዛለህ፤ በመሐሉ ካርቦን አለ። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ገብተህ የሥጋውን፣ የወተቱን፣ የአትክልቱን ሙቀት መጠን ትመዘግባለህ። ጓንት አድርገህ የጻፍከው ቁጥር 1 ይሁን 7 አይለይም። ማታ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ያንን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡታል። የተበላሸ ነገር መኖሩ የሚታወቀው በማግስቱ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ መኪናው ሄዷል።

ማሽኑ ሲመጣ የተለወጠው ይህ ነው። ወንድሜ ወረቀት ወዳድ የእጅ ጽሑፍ አያነብም ብለሃል። እውነት ነው፣ አያነብም ነበር፤ እኛ ግን መች ጻፍንበት? ስክሪኑ ላይ ያለው ሳጥንና ዝርዝር ብቻ ነው። «ማሸጊያው ደህና ነው» የሚለውን ትነካለህ፤ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል፣ ትነካለህ፤ በመጨረሻ ሹፌሩ ስክሪኑ ላይ ይፈርማል። ፊርማውን ማሽኑ እንዲያነበው ማንም አልጠየቀውም፤ እንደ ሥዕል ያስቀምጠዋል። የሙቀቱ መጠን ከተፈቀደው ካለፈ እዚያው በቆምክበት ያስጠነቅቅሃል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ስሕተቱን በማግስቱ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ቀረ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ብርድ ስክሪኑን ያዘገየዋል፤ ስክሪኑ የተሠራበት ፈሳሽ ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ይጎተታል፤ የነካኸው ሳጥን ምልክቱን የሚያሳይህ ዘግይቶ ነው። ባትሪው ለሙሉ ፈረቃ አይበቃም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ማስቀመጫው ላይ ካልሰካኸው ከሰዓት በኋላ በወረቀት ትሠራለህ። ክብደቱም ክንድ ያደነዝዛል። እኔ በግራ ክንዴ አቅፌው ስለምዞር እስከ ዛሬ ድረስ ግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ይታያል ትለኛለች ባለቤቴ።

አሮጌ ማሽን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠበቅሁት እንዲህ ያለውን ቃል ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሲያጋጥምዎትስ? ለምሳሌ የአዲስ ደንበኛ ስም ቢመጣ?

የመጋዘን ሰው
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ሳጥን ነበረው፤ በትልልቁ የላቲን ፊደል ለያይተህ ትጽፋለህ። ተያይዞ የተጻፈ አይቀበልም። ያንን ያህል ለመጻፍ ትዕግሥት ስለሌለን ብዙዎቻችን «ሌላ» የሚለውን ሳጥን ነክተን ማብራሪያውን ባዶ ሜዳ ላይ በእጃችን እንጽፈዋለን። እሱም እንደ ፊርማው በሥዕልነቱ ይቀመጣል፤ ማታ ሰው ያነበዋል። በቀን ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጥም ነበር።

ሽቦና ብረት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ ጓንት ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። ዛሬ በጣት የምንነካው ስልክ በወፍራም ጓንት አይታዘዝም፤ የሰውነታችንን ኤሌክትሪክ ስለሚጠብቅ ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ግን በሌላ መንገድ ነበር የሚሠሩት። የብዕሩን ቦታ የሚያውቁበት ዘዴ ማሽኑ ለየትኛው ሥራ እንደሚመች ስለሚወስን፣ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ላብራራ።

አንደኛው በመስተዋቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ያለው ነው። የብዕሩ ጫፍ ሲነካው ከአራቱ ማዕዘን የሚለካው ቮልቴጅ ቦታውን ይናገራል። ርካሽ ነው፤ ሽፋኑ ግን በብዙ ንክኪ ያልቃል። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ውስጥ ብዕሩ በሽቦ ከማሽኑ ጋር የታሰረባቸው ነበሩ። ለመስክ ሠራተኛ ይህ ጥቅምም ነው፤ ብዕሩ አይጠፋም።

ሁለተኛው የጃፓኑ ዋኮም ያስፋፋው የኤሌክትሮማግኔት ዘዴ ነው። ከስክሪኑ ሥር የሽቦ መረብ አለ፤ መረቡ ምልክት ይልካል፤ በብዕሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጥቅል ሽቦ ያንን ተቀብላ መልሳ ታስተጋባለች። ብዕሩ ባትሪ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መረቡ የሚሰማው ብዕሩን ብቻ ስለሆነ መዳፍን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ መጻፍ ይቻላል። ወረቀት ላይ ስንጽፍ ሁላችንም መዳፋችንን እናሳርፋለን። ግፊትን ብቻ በሚያውቅ ስክሪን ላይ ግን መዳፍ ሲያርፍ ያልተፈለገ ጭረት ይወጣል፤ ሰው እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ይጽፍና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይደክማል። የሰው ጽሑፍ ከተበላሸባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የሶፍትዌሩ አይደለም።

ስለ ኒውተንም አንድ ልጨምር። በ1993 የተቀለደበት እውነት ነው። በ1996 ከወጣው 2.0 ሥሪቱ በኋላ ግን ለያይቶ የተጻፈውን በጣም በጥሩ ሁኔታ ያነብ ነበር። ስሙ አንዴ ጠፍቶ ስለነበር የሰማው የለም። ሌላም ውለታ አለው። በ1990 አርም የተባለው ኩባንያ ሲመሠረት አፕል አንዱ መሥራች የሆነው ለኒውተን የሚሆን ኃይል ቆጣቢ ፕሮሰሰር ፈልጎ ነበር። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ በዚያ ዘር ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው።

መስክ ወጪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ያን ዘመን አላየሁትም፤ ሥራዬ ግን መረጃ መሰብሰብ ስለሆነ የጋሼ ታሪክ የራሴ ታሪክ ሆኖብኛል። በወረቀት መጠይቅ ጀምሬ ወደ ታብሌት የተሻገርኩ ነኝ።

በወረቀት ስንሠራ «አዎ ካሉ ወደ ጥያቄ 14 ይለፉ» የሚለውን መዝለያ ራስሽ ታስታውሻለሽ። ፀሐይ ላይ ስምንተኛው ቤት ስትደርሺ ትረሺዋለሽ። ተቆጣጣሪው ማታ በኩራዝም ቢሆን ቅጹን ገልጦ ያገኘዋል፤ በማግስቱ ሁለት ሰዓት በእግር ተመልሰሽ ያንኑ ሰው ትጠይቂያለሽ። ታብሌቱ ራሱ ይዘልልሻል፤ የልጁ ዕድሜ ከእናቱ ዕድሜ ጋር ካልተስማማ እዚያው ይጠይቅሻል። ጋሼ በ1994 አየሁት ያሉት ነገር እኛ ጋ የደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስሜቱ ግን ያው ነው።

ፀሐዩን ግን የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። በቀኑ እኩሌታ ስክሪኑ መስተዋት ይሆናል፤ የራስሽን ፊት ታያለሽ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ እንደ ድንኳን እየሸፈንኩት ነው የምሞላው። የድሮዎቹ በፀሐይ እንዴት ነበሩ?

ሽቦና ብረት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ በዚህ በኩል የድሮዎቹ ይበልጡ ነበር። ከጀርባ መብራት የሌላቸው ስክሪኖች የሚታዩት ከላይ በሚያርፍባቸው ብርሃን ስለሆነ ፀሐይ ሲበረታ ይበልጥ ይጠራሉ። መብራት ስለሌለም ባትሪ ይቆጥባሉ። ችግሩ ምድር ቤት ወይም ማታ ላይ ነው፤ ያኔ ምንም አይታይም።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ከፈረቃ ወጥቼ ነው የማነበው፤ አጭር ነገር ልበል። ቤት ለቤት ሕክምና ስሠራ መጀመሪያ የሰጡን ላፕቶፕ ነበር። ከበሽተኛው ፊት ለፊት ተቀምጬ ክዳኑን ስከፍተው በመካከላችን ግድግዳ ይቆማል። ሰውየው ስለ ሕመሙ የሚነግረው ለላፕቶፑ ጀርባ ነው። በኋላ በብዕር የሚሠራው ጠፍጣፋ ታብሌት ሲመጣ ጉልበቴ ላይ እንደ ደብተር አስተኛሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን። አንዲት አሮጊት «አሁን ገና ትሰሚኛለሽ» አሉኝ፤ ይህን አልረሳውም።

መስክ ወጪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ይህን ስላነሣሽው ደስ አለኝ። እኛም ጋ ስልክ ይዘሽ ስትጠይቂ «ፎቶ ልታነሺኝ ነው?» ይላሉ። ታብሌቱን ገልብጬ፣ ጥያቄውን አሳይቼ፣ ጎናቸው ተቀምጬ ስሞላ ግን ራሳቸው ጣታቸውን ይዘረጋሉ።

ወረቀት ወዳድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

እሺ፣ ለሳጥን መንካት እንደሚሆን ተቀብያለሁ። የጋሼ ማስረጃ ከእኔ ንባብ ይበልጣል። ታዲያ ይህን ያህል ጠቃሚ ከነበረ ያ ሁሉ ኩባንያ ለምን ከሰረ? ጎ የሚባለው የት ገባ? ሞሜንታስ?

የሸለቆው ታዛቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

የከሰሩት ለማን እንደሚሸጡ ስላላወቁ ነው ባይ ነኝ። ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው።

ጎ ኮርፖሬሽንን በ1987 እነ ጄሪ ካፕላን መሠረቱት። ፔንፖይንት የተባለ፣ ከመሠረቱ ለብዕር የታሰበ ሥርዓት ሠሩ። በብዕር መስመር ስትሰርዝበት ቃሉ ይጠፋል፤ ገጾቹ እንደ ደብተር ይገለጣሉ። የሚያምር ሥራ ነበር። ማይክሮሶፍት ዝም አላለም፤ በ1992 ዊንዶውስ 3.1ን በብዕር የሚያሠራ ማሟያ አወጣ። ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ለየትኛው እንደሚጽፉ ግራ ገባቸው። አይቢኤም በዚያው በ1992 ኪቦርድ የሌለው የፔንፖይንት ታብሌት ሲያወጣ የሰጠው ስም ቲንክፓድ ነበር። ዛሬ ቲንክፓድ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ጥቁሩን ላፕቶፕ ነው፤ ስሙ የተወለደው ግን በብዕር ታብሌት ላይ ነው።

ኤኦ የተባለው የጎ እህት ኩባንያ ደግሞ በ1993 ስልክም ፋክስም የሚሆን ታብሌት አወጣ፤ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ጀርባው ላይ ነበር። በ1994 ተዘጋ። ሞሜንታ በ1991 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ከሰረ። እነዚህ ሁሉ የፈለጉት በአውሮፕላን የሚመላለሰውን ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ኪቦርድ የለመደ፣ የሚጽፈውም ነፃ ጽሑፍ የሆነ ሰው ነው። ማሽኑ ደካማ የሆነበትን ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

በዝምታ የቆዩት ሌሎቹ ናቸው። ጥቅል አድራሹ ዩፒኤስ በ1991 ለአሽከርካሪዎቹ ፊርማ የሚቀበል የእጅ ሰሌዳ ሰጠ፤ ልጅ ልጁ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በእጃቸው ነበር። ፉጂትሱ ስታይሊስቲክ የተባሉትን የብዕር ታብሌቶች በ1990ዎቹ ለኢንሹራንስ ገማች፣ ለሆስፒታልና ለመስክ ሠራተኛ ሲሸጥ ነበር። በኅዳር 2002 ማይክሮሶፍት ታብሌት ፒሲ ብሎ በትልቅ ድግስ ሲያስተዋውቅ «አዲስ» የተባለው ነገር በመጋዘንና በሆስፒታል ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል። ስለዚህ «ለምን ጠፉ» የሚለውን የዚህን ውይይት ጥያቄ አልቀበለውም። ከማስታወቂያ ጠፉ፤ ከሥራ አልጠፉም።

ሃውኪንስም ይህን ከራሱ ሥራ የተማረ ይመስለኛል። ፓልም ፓይለትን በ1996 ሲያወጣ የሰውን ጽሑፍ ማሽኑ እንዲያነብ አላስገደደም። ግራፊቲ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ጭረት ብቻ የሚጻፍበትን ዘዴ ሰውየው እንዲማር አደረገ። የላቲኑ ኤ (A) መሐሉ ላይ ያለውን አግዳሚ አጣ፤ ሰው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመደው። መጠኑ ለኪስ እንዲመች አስቀድሞ የእንጨት ቁራጭ አስቀርጾ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር።

ፊደል ጠባቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50

ሁሉንም አነበብኩ፤ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህ ሁሉ የላቲን ፊደል ታሪክ ነው። እነሱ 26 ትልልቅ ፊደልና 10 አኃዝ ለይቶ ማንበብ አቃተን ሲሉ፣ እኛ 33 በ7 ብናባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌን ተመልከቱ። ካዕቡ ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ እግሩ ላይ ትንሽ ጭረት፤ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት። በሚጎተት ስክሪን ላይ በጠንካራ ብዕር የተጻፈ ሊ እና ሌ በምን ይለያል? በአንድ ጭረት ይጻፍ ቢባልም ግራፊቲ ለእኛ አይሆንም፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ጭረት ማን ይማራል? ግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እንኳን በ1999 በ3.0 ሥሪት ነው። እነዚያ ማሽኖች ለአማርኛ በራቸው ዝግ ነበር። ይህን ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ።

አሮጌ ማሽን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡30

ወንድሜ ፊደል ጠባቂ፣ ያልከው ሁሉ ስለ መጻፍ ትክክል ነው። ነገር ግን የጋሼን ቃል መልሰህ አንብበው። እሳቸው በማሽኑ ላይ አልጻፉም፤ ነኩት እንጂ። ለመንካት ማሽኑ አማርኛ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ማሳየት ብቻ ነው ያለበት። የዚህ የእኔ ግሪድፓድ ስክሪን 640 በ400 ነጥብ ነው። ፊደሉን እንደ ሥዕል ብስልለት ያሳያል፤ ሥዕሉ «ለ» ይሁን ጎጆ ለእሱ አንድ ነው። ፊርማውም ሥዕል፣ ማብራሪያውም ሥዕል። በሩ ያን ያህል ዝግ አልነበረም፤ የሞከረው ሰው ማጣቱ እንጂ።

እሞክረዋለሁ። እህቴ መስክ ወጪ፣ ከቤት ለቤት መጠይቅሽ አጭር ጥያቄ ምረጪልኝ።

መስክ ወጪ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡35

«የቤቱ ጣሪያ በዋናነት ከምን የተሠራ ነው?» ምርጫዎቹ፦ ቆርቆሮ፣ ሣር፣ እንጨትና ጭቃ፣ ሲሚንቶ፣ ሌላ። «ሌላ» ሲነካ ባዶ ሜዳ ይከፈት። በትልልቅ ፊደል ጻፈው፤ ሰው ቆሞ ነው የሚያነበው። ሳጥኖቹንም አራርቃቸው፤ የደከመ እጅ ጎረቤቱን ይነካል።

የመጋዘን ሰው
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

«ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ ግራ እጅ በሚይዝበት በኩል አታድርገው። እኛ ጋ እዚያ አድርገውት ስንት መዝገብ ጠፋብን።

አሮጌ ማሽን
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በነጥብ ሳልኩ፤ በጣም ያስቸገረኝ «ጣ» ነው፤ እግሮቹ ይጣበቃሉ። ሥዕሎቹን በሲሪያል ገመድ አሻገርኩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ማሽኑን ክንዴ ላይ አድርጌ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ጥያቄውን አነበብኩላት። የተወለደችበትን ቤት አስታውሳ «ያኔ ሣር ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ሆኗል፤ የትኛውን ትጽፋለህ?» አለችኝ። ብዕሩን ሰጠኋት። መነጽሯን አስተካክላ «ሣር» የሚለውን ነካች፤ ምልክቱ ወጣ።

ፋይሉን ለሚፈልግ እልካለሁ። ጋሼ፣ «ተመለስ»ን ወደ ቀኝ አዛውሬዋለሁ።